ራሱን አጠጣው

ቪክቶሪያ፥ ከቤታችን በስተ ሰሜን፥ ፀሐይ የማታውቀው፥
የጎረቤት ዝግባ አጥልቶበት፥ ሻጋታ የወረሰው፥
ጥግ ነበረን፤ የተሰበረ ወንበር የሚጣልበት፥
የጣሪያው ቧንቧ ሌት ተቀን የሚያንጠባጥብበት።
ጽጌረዳ ተከልኩ፤ ክረምቱን አልወጣችም፤
የሱፍ አበባ ዘራሁ፤ አንገቷን አላቀናችም።
ሃያ ዓመት ሙሉ «የማይረባ» እያልኩ ሰደብኩት፤
በዚያ በኩል ያለውን መስኮት በመጋረጃ ጋረድኩት።

በመጋቢት፥ ሱክ መንገድ ዳር፥ ከችግኝ ጣቢያ ጓሮ፥
ዶሪን ግንድ አሳየችኝ፥ እንደ ድብ ክንድ ጠቁሮ፤
ቅጠል የለው፥ ሥር የለው፥ በመጋዝ ተቆርጦ፥
ከታስማኒያ በመርከብ ባሕሩን አቋርጦ።
«ፈርን ነው» አለችኝ፤ «ዛፍ የሚሆን ፈርን፤
የዘሩን ዕድሜ ከፈለግህ ጠይቅ ዳይኖሰርን።
ፀሐይ አያግኘው፤ ነፋስ አይምታው፤
ደግሞ ከእግሩ አይደለም፤ ራሱን አጠጣው።»

መቶ ሰማንያ ዶላር። ወይንሸት ዋጋውን ስትሰማ፥
እጇን ከወገቧ ሰክታ፥ ከደረጃው ጫፍ ቆማ፥
«ማገዶ በዚህ ዋጋ? ያውም እርጥብ ማገዶ!
ሰው እንዴት ይከስራል አርባ ኪሎሜትር ሄዶ?»

ስንዝር ያህል ቆፈርኩ፤ ከዚያ በላይ አይወድም፤
አፈሩን በእግሬ ጠቀጠቅሁ፥ ዞሬ ዞሬ፥ እንዳይጋደም።
ከዚያ በየማለዳው ጆግ ይዤ እወጣለሁ፤
አናቱ ላይ ቀስ ብዬ ውኃ አንቆረቁራለሁ።
ሚያዝያ፥ ምንም። ግንቦትም ምንም ሳታሳይ አለቀች፤
ወይንሸት መስኮት ከፍታ፥ ግንድ ሳጠምቅ አይታ ሳቀች፤
«ለመሆኑ» አለችኝ፥ «ከሁለታችሁ ማን ነው የሚጸድቀው?»
ዝም አልኩ። ግንዱም ዝም። ውኃው ብቻ ነበር ወደ ውስጥ የሚጠልቀው።

በሰኔ፥ ጉም ከባሕር ተነሥቶ ሰፈሩን ሲሞላ፥
አንድ ጠጉራም ጡጫ ብቅ አለ፥ በማግስቱ ሌላ፤
እንደ ቀንድ አውጣ ቤት ተጠቅልሎ፥ ውስጡን የሚደብቅ፥
ጣት በጣት የሚፈታ፥ መቸኮል የማያውቅ።
ሐምሌ ሲያልቅ፥ ከክንዴ የሚረዝም ሰባት ቅጠል ዘረጋ፤
መጋረጃውን አነሣሁ፤ ያ ጥግ ነጋ።

ያን ሰሞን ሃልቮርሰን አጥሬን አንኳኳ ማለዳ፥
«ዝግባዬን ልቁረጥልህ» አለ፥ «ጥላው ሆኖህ ዕዳ፤
ስንት ዓመት ለመንከኝ፤ ይኸው ቀጠርኩ ሠራተኛ።»
«ተው፥ አትንካው!» አልኩ፤ «ያ ጠላቴ ዛሬ ሆኗል ዘበኛ።»
ከራስ እስከ እግሬ አየኝ፤ ምንም ሳይል ገባ።

በታኅሣሥ፥ ከመርከቡ ማሽን ክፍል፥ የሌሊት ተረኛ ሳለሁ፥
«ከዜሮ በታች ስምንት» ሲል ራዲዮውን ሰማሁ፤
ግንዱን ሳልሸፍን ነበር የወጣሁት።

ንጋት ላይ ስመለስ፥ ውርጭ አጥሩን አመድ አልብሶ፥
ከጥጉ ሰው ቆሞ አየሁ፥ ቀይ ካፖርት ለብሶ።
«ማነው?» አልኩ አካፋ ይዤ። መልስ የለም። ቀርቤ ሳይ፥
የወይንሸት ካፖርት ነው፥ ቁልፉ ተቆልፎ እስከ ላይ፤
አናቱ ጭድ ታጭቆበት፥ በሻርፕ ተጠምጥሞ፥
ለእኅቷ እንኳ የማታውሰውን፥ ግንድ ለብሶት ቆሞ።
ገባሁ። ከብርድ ልብሱ ውስጥ፥ ጀርባዋን እንደ ሰጠች፥
«መቶ ሰማንያ ዶላር ሲቀዘቅዝ ልየው?» አለች።

በዓመት ሁለት ጣት ያድጋል፤ እኔ ስድሳ ሁለት ሞልቶኛል፤
ከጣሪያው ሲደርስ ለማየት ሌላ ስድሳ ያሻኛል።
የሰው ወግ ዛፍ መትከል ነው፥ ከጥላው ሊቀመጥ፤
ለዚህ ግን ጥላው እኛ ነን፤ እኛ ነን የምንሰጥ፤
እኛ፥ የሃልቮርሰን ዝግባ፥ የቤቱ ቀዝቃዛ ጀርባ።

መጋቢት ላይ ካፖርቱን ፈታን። ወይንሸት አራግፋ ለበሰች፤
ከእጅጌዋ ጭድ እየረገፈ ወደ ገበያ ሄደች።
እኔ ጆጉን ሞላሁ።
ከእግሩ ሳይሆን፥ ከላይ።